በትርፍራፊውና በዓሣው መሃል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዓሣ መኖ ነው። ዓሣ የማታረቡም ብትሆኑ ጆሮ አትንሱኝ፤ ማጀት ያለው ሰው ሁሉ በነገሩ ውስጥ አለበት።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀዋሳ ዳርቻ ላይ ከአንድ ዘመዴ ጋር ሆነን ኩሬ ቆፈርን። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር፣ ከሥሩ ጂኦመምብሬን የሚባለው ፕላስቲክ የተነጠፈበት። 250 የቆሮሶ ጫጩት ለቀቅንበት። ለሁለት ወር ያህል ዓሦቹ እኛን ሲያዩ ወደ ዳር እየመጡ፣ እኛም እነሱን እያየን ስንደሰት ከረምን። ከዚያ የመኖው ዋጋ ወገባችንን ቆረጠው። ዘመዴ ምግብ ቤት ነበረው፤ ማታ ማታ የተረፈ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የወጥ ቅሪት በባልዲ እየወጣ ይደፋል። «ይህን ሁሉ በረከት ከምንደፋው ለዓሣው ለምን አንሰጠውም?» ተባባልን። ጥሩ ሐሳብ መሰለን።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ግብዣ ነበረበትና ሁለት ባልዲ ሙሉ ተረፈ። ሁለቱንም ኩሬው ውስጥ ገለበጥናቸው። ዓሦቹ ተሻሙ፤ ውሃው ፈላ፤ እኛም ደስ ብሎን ገባን። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ጠባቂው ደወለ። «ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ፤ ዓሦቹ አየር አጥሯቸዋል» አለኝ። ስንደርስ ከፊሎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከፊሎቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የዚያን ቀን ሰማንያ የሚሆን ዓሣ ቀበርን።

መርዝ የበሉ መስሎን ነበር። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዓሣው ያልበላው ምግብ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ደግሞ እንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ቀን ላይ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሲመሽ ግን ማምረቱን ትቶ እሱም ከሚሻሙት ጋር ይሰለፋል። ስለዚህ በየትኛውም ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። እኛ በዚያ ላይ ሁለት ባልዲ የሚበሰብስ ነገር ጨመርንበት። ዓሦቹ የሞቱት ታፍነው ነው። ባይታፈኑ እንኳ ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ አይምራቸውም ነበር።

ይህን ታሪክ የማወራችሁ አሁንም የሚደግመው ሰው ስለማይጠፋ ነው። ሐሳቡ ራሱ ስህተት አልነበረም፤ ትርፍራፊ ዓሣ ይሆናል። ነገር ግን ከባልዲው ወደ ኩሬው በቀጥታ አይሄድም። መሃል ላይ አንድ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሠራተኛ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ የመኖው ነገር ለምን እንዲህ እንደከበደ እንይ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት በተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር በየአካባቢው ብዙ ኩሬ ተቆፍሯል። ጉድጓዱን መቆፈርና ፕላስቲኩን ማንጠፍ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ጫጩቱም የሚገዛው በየዙሩ አንዴ ነው። መኖ ግን በየቀኑ እጅ ይዘረጋል። ዓሣ በመኖ በሚረባበት ቦታ በአብዛኛው ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ያህሉን፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሚበላው መኖ ነው። ከመኖው ደግሞ ውዱ ፕሮቲኑ ነው። በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ መቶ ኪሎ መኖ ከተሰጠው ከዚያ ውስጥ 30 ኪሎ ገደማው ፕሮቲን ቢሆን ይመረጣል፤ ጫጩቶቹ ከዚህም በላይ ይሻሉ።

በሌላው ዓለም ይህ ፕሮቲን ለረጅም ጊዜ ሲገኝ የኖረው ትንንሽ ዓሣ አድርቆ በመፍጨት ነው። ፔሩ ከባሕሯ አንቾቬታ የሚባለውን ዓሣ እያፈሰች ለዓለም ገበያ ዱቄቱን ትሸጣለች። ጎረቤቶቻችን ኬንያና ኡጋንዳ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚያወጧት፣ ኬንያውያን ኦሜና የሚሏት ትንሽ ዓሣ አለች፤ እሷም ለመኖ ትፈጫለች። ችግሩ ኦሜናን ድሃው ሰውም ለወጡ የሚገዛት መሆኑ ነው። ዓሣ ለማርባት ብሎ የድሃን ዓሣ ማስወደድ ለእኔ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

እኛ አገር ያለው ፋጉሎ፣ ፍሩሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ግን የወተት ላም ያለውም፣ በሬ የሚያደልበውም፣ ዶሮ የሚያረባውም ወደዚያው ነው የሚሮጠው። ባለ ኩሬው ወረፋው ጭራ ላይ ነው።

ስለዚህ ዞር ብለን የምንጥለውን እንይ። በከተሞቻችን ከሚጣለው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ትራፊ። የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ ቆሼን የሚያውቅ ሰው ይህ ክምር ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ዓሣ ያንን ችግር ይፈታል አልልም። ግን እዚያ ከሚደርሰው ውስጥ ብዙው ገና ከምግብ ቤቱ ጓሮ ሳይወጣ ፕሮቲን መሆን የሚችል ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ሠራተኛው እንምጣ። ትል ነው። እባካችሁ ፊታችሁን አታጨማድዱ።

ስሙ ጥቁር ወታደር ዝንብ ይባላል፤ ብላክ ሶልጀር ፍላይ ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ዝንብ ስላልኩ ወጥ ላይ የምታርፈውን ዝንብ አታስቡ። ይኼኛው ቀጠን ረዘም ያለ፣ ጥቁር፣ በመልኩ ተርብ የሚመስል ነው፤ ግን አይነድፍም። የእግሮቹ ጫፍ ነጣ ይላል፤ ወገቡ አካባቢ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት መስኮት የመሰሉ ነጥቦች አሉት። ከሁሉም የሚገርመው ካደገ በኋላ ምግብ አለመፈለጉ ነው። ውሃ ከመቅመስ በቀር ሳይበላ፣ ትል ሳለ ባጠራቀመው ስብ አንድ ሁለት ሳምንት ይኖራል፤ ይጋባል፣ እንቁላል ይጥላል፣ ይሞታል። የማይበላ ዝንብ ደግሞ ማዕድ ላይ ምን ያደርጋል? ሽንት ቤትና ወጥ ቤት እየተመላለሰ በሽታ የማያዛምተው ለዚህ ነው።

ሴቷ በአንድ ጊዜ 500 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። የምትጥለው ብስባሹ ላይ ሳይሆን ከብስባሹ አጠገብ ባለ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ጊዜ የለውም። በአራተኛው ቀን ገደማ ይፈለፈልና፣ እግር ስለሌለው፣ በሆዱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል መብላት ነው፤ ቀን ከሌት መብላት። ሲፈለፈል በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የነበረው ትል ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። እድገቱን ሲጨርስ ይጠቁርና ምግቡን ትቶ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ይወጣል፤ እዚያ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ዘግቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል።

ለእኛ የሚጠቅመን ያ የመብላት ጊዜው ነው። ደርቆ ሲመዘን የሰውነቱ 40 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ 30 ከመቶ ገደማ ደግሞ ስብ ነው። የበላው ትርፍራፊ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ የሚተርፈው ጠቆር ያለ፣ እንደ አፈር የሚፈረካከስ ፍግ ነው። ጥቂት ሳምንት ተከምሮ ከበሰለ በኋላ ለጎመኑም ለቡናውም ይሆናል።

ሐሳቡ ትናንት የተፈጠረ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደቡብ ቻይና ውስጥ፣ በፐርል ወንዝ ደለል ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህንኑ በሐር ትል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። በኩሬው ዳር የሐር ትል የሚበላውን ዛፍ ይተክላሉ፤ ቅጠሉን ለትሉ፣ የትሉን ኩስና ሐሩ ከተፈታ በኋላ የሚቀረውን ገላ ለዓሣው፣ የኩሬውን ዝቃጭ መልሰው ለዛፉ። ምንም የሚደፋ የለም። በቅርቡ ደግሞ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኢሲፔ፣ በጥቁር ወታደር ዝንብ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚሆን ብዙ ሥራ ሠርቷል። የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኢአዋግ በኢንዶኔዥያ ሲሞክር ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ መመሪያ አውጥቷል። ቀጥሎ የምነግራችሁ አሠራር በአብዛኛው ከዚያ ልምድ የመጣ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ያዙ።

በመጀመሪያ ዘሩ። እንቁላሉን ወይም ትንንሹን ትል ከሚያረባ ሰው ወይም ከምርምር ተቋም ማግኘት ከሁሉ ይቀላል። ራሳችሁ ልታራቡት ካሰባችሁ ፀሐይ የሚያገኝ አጎበር ያስፈልጋችኋል፤ ዝንቡ ብርሃን ካላገኘ አይጋባም። ትንንሽ ጣውላዎችን በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ትታችሁ ደራርባችሁ እሰሩና የሚሸት ነገር ካለበት ሳህን በላይ አስቀምጡላቸው፤ እንቁላላቸውን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይጥሉታል።

የተፈለፈሉትን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት እንደ ሕፃን ያዟቸው፤ በውሃ የራሰ የዶሮ መኖ ይበቃቸዋል። ከዚያ ወደ ሳጥን ይዛወራሉ። አርባ በስልሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ለ10,000 ትል ይበቃል። ለዚህ ሳጥን 15 ኪሎ ትርፍራፊ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ አይደፋበትም! ስለ ሁለቱ ባልዲዎች ነግሬያችሁ የለም? ትሉም እንደ ዓሣው ይታፈናል፤ ምግቡ ከተቆለለበት ከሥር ያለው ይሸታል፣ ይሞቃል፣ ትሉም ጥሎ ይሄዳል።

ትርፍራፊው በደንብ መከታተፍ አለበት፤ ትሉ የሚነክስበት ጥርስ የለውም። እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩት፦ እፍኝ አንስታችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መሃል ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ ፍሩሽካ ጨምሩበት። ምንም ጠብ ካላለ ውሃ አርከፍክፉበት።

ሳጥን በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ፣ ትሉ ሳይጠቁር፣ በወንፊት ይነፋል። ከጠቆረ ቆዳው ስለሚጠነክር ለዓሣው ሆድ ይከብዳል። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሦስት ደቂቃ መንከር ነው፤ ይህ ትሉን ቶሎ ይገድለዋል፣ ላዩ ላይ ያለውንም ተውሳክ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ፤ እንደ ድርቆሽ ሲሰበር ያን ጊዜ ደርቋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ መካከለኛ ምግብ ቤት በቀን 10 ኪሎ ትርፍራፊ ያወጣል እንበል። ይህን ለማስተናገድ ስምንት ሳጥን ይበቃል። ትርፍራፊው የተቀላቀለና ጥሩ ከሆነ ከአምስት ኪሎው አንድ ኪሎ ገደማ እርጥብ ትል ይገኛል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ኪሎ ማለት ነው። የጎመን ግንድና የካሮት ልጣጭ ብቻ ከሆነ ግን ያን ያህል አትጠብቁ፤ ትልም ውሃ በልቶ አይሰባም። ሁለት ኪሎው ሲደርቅ 600 ግራም ገደማ ይሆናል።

ይህችን 600 ግራም ብቻዋን አትስጡ። ሦስት እጅ ደረቅ ትል፣ አምስት እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ሁለት እጅ ፍሩሽካ ስትቀላቅሉ ፕሮቲኑ 30 ከመቶ አካባቢ ያርፋል። ከትሉ 12፣ ከፋጉሎው 15፣ ከፍሩሽካው 3፤ ደምሩት። ስለዚህ የቀኑ 600 ግራም ትል ሁለት ኪሎ መኖ ወጣው ማለት ነው። ቆሮሶ ለገበያ ሲቃረብ በቀን የክብደቱን 3 ከመቶ ያህል ይበላል። ሁለት ኪሎ መኖ ከ65 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ዓሣ ይበቃል። 250 ዓሣ እያንዳንዱ 250 ግራም ቢመዝን 62 ኪሎ ተኩል ነው።

ያ የኔና የዘመዴ ኩሬ አይደለም እንዴ? አሥር ሜትር በአሥር ሜትር፣ 250 ዓሣ። ልክ ያ ባልዲ፣ ልክ ያ ኩሬ። የጎደለው ሳጥኑ ነበር።

ቅይጡን በትንሽ ሙቅ ማጣበቅ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ዱቄት ውሃ ላይ ከበተናችሁት ግማሹ ሳይበላ ይሟሟል። በሥጋ መፍጫ አውጥታችሁ፣ እንደ ቀጭን መኮሮኒ ቆራርጣችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። ትሉ ስብ ስላለው ከከረመ ይቆመጥጣል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የሚሆን አታዘጋጁ። ፋጉሎውንም እርጥበት ካለበት ቦታ አትግዙ። ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ በተደረገ ምርመራ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲገኝ ምንጩ ሆኖ የተጠቀሰው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላሟን የጎዳ ዓሣውን አይምርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «ትሉን በሕይወቱ ለዓሣው ብወረውርለትስ?» ይበላዋል፤ ያውም እየዘለለ። በቀን እፍኝ ጣል ብታደርጉለት ክፋት የለውም። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ከቆሮሶም ይብስበታል፤ ሥጋ ነክ ምግብ ይወዳልና። ግን ዋና ምግቡ አታድርጉት፤ ስቡ ይበዛል።

ሌላው ጥያቄ ወጡ ነው። ጨው የበዛበትና ቅባት የሚንሳፈፍበት ትራፊ ለትሉም አይስማማም። እኛ ደግሞ ወጥ ስንሠራ በዘይት አንቀልድም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወጡን አጥልሎ ከእንጀራ፣ ከልጣጭና ከፍሩሽካ ጋር መደባለቅ። አጥንት፣ ፌስታል፣ የጥርስ እንጨትና የሲጋራ ቁራጭ ከመግባታቸው በፊት ይለቀሙ። ይህ መለየት የሚሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ነው እንጂ ጓሮ ላይ አይደለም። ሳህን የሚያነሱትን ልጆች ሁለት ባልዲ ስጧቸው፤ ደሞዛቸው ላይም ትንሽ ጣል አድርጉበት። ያለዚያ ሥራው በሳምንቱ ይቆማል፤ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው የአየር ጠባይ ነው። ትሉም ዝንቡም በጣም የሚስማማቸው ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ቆሮሶም እንደዚያው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፣ መራባቱን ያቆማል። ስለዚህ ባቱ፣ ሀዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ የአዋሽ ሸለቆ ለሁለቱም የተፈጠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ትርፍራፊው አላት፣ ሙቀቱ የላትም። በእኔ አስተያየት አዲስ አበባ ዓሣ አረባለሁ ብላ ከምትደክም በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ትሉን አርብታ፣ አድርቃ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ብትሸጥ ያዋጣታል። የአትክልት ገበያዎቿ ጥራጊ ብቻውን ስንት ሳጥን እንደሚሞላ አስቡት። ደረቅ ትል በጆንያ ይጫናል፤ እርጥብ ቆሻሻ ግን በመኪና መጫን ውሃ ማጓጓዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። እኔ ነገሩን ስለወደድኩት አደጋ የሌለው እንዳይመስላችሁ። አውሮፓውያን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነፍሳት ፕሮቲን ለዓሣ መኖ እንዲሆን ፈቅደዋል፤ ነፍሳቱን የሆቴልና የወጥ ቤት ትርፍራፊ መመገብ ግን ከልክለዋል። ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ያልበሰለ ትርፍራፊ የበሉ አሳማዎች የአፍና የእግር በሽታን አምጥተው ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብት፣ በግና አሳማ እስኪታረድ አድርሰዋል። የእኛ ሁኔታ የተለየ ነው፤ ትሉ ወደ ዓሣ እንጂ ወደ ከብት አይሄድም። ቢሆንም ሦስት ነገር አትርሱ፦ ጥሬ ሥጋ አታስገቡ፣ ትሉን ሳትቀቅሉ አታድርቁ፣ ሳጥኖቹን ከከብቱና ከበጉ በረት አርቁ።

የዓሣ ነገር ሲነሳ የሀዋሳውን የዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጠዋት የሄደ ያውቀዋል፤ ጀልባው ይደርሳል፣ ዓሣው ይላጣል፣ አንጀቱና ጭንቅላቱ መሬት ላይ ይወረወራል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን ሰብስበው ቆመው ይጠብቃሉ። ለጎብኚ ደስ ይላል። ለእኔ ግን ያ መሬት ላይ የሚወድቀው ሁሉ ፕሮቲን ነው። እሱንም ቢሆን ጥሬውን መልሶ ለቆሮሶ መስጠት አይገባም፤ በሽታ ካለ ይዞርባችኋል። ተቀቅሎ ለትሉ፣ ወይም ተፈጭቶ ከሞላሰስ ጋር ተብላልቶ ለአምባዛ ሊሆን ይችላል። ለአባ ኮዳዎቹም ትንሽ ይተውላቸው፤ የገበያው ባለቤቶች እነሱ ናቸው።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። በከተሞቻችን ከሆቴል የተረፈውን ምግብ ቡሌ ብለው ገዝተው የሚበሉ ሰዎች አሉ። ትርፍራፊ ዋጋ ሲያወጣ፣ ባለ ሆቴሉ ለትሉ ልሽጠው ሲል፣ ከእነዚህ ሰዎች አፍ እንዳይነጠቅ። ሰው ሊበላው የሚችል ንጹሕ ምግብ ለሰው ነው። ለትሉ የሚሄደው ከዚያ የተረፈው፣ የተበላሸው፣ የተላጠው፣ የተገፈፈው ነው። እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

ትል ለማርባት ጊዜ የለኝም የምትሉ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ አላችሁ፤ ራሱ ዋቅላሚው። በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ወይም የደረቀ የዶሮ ኩስ በልኩ ለኩሬው ስትሰጡት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ቆሮሶ ደግሞ ያንን አረንጓዴ እያጣራ ይበላል። ልኩን በክንዳችሁ እወቁት። እጃችሁን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ አስገቡ። መዳፋችሁ ክርናችሁ ሳይሰጥም ከተሰወረባችሁ በዝቷል፣ አቁሙ። ክርናችሁ ሰጥሞም መዳፋችሁ ጥርት ብሎ ከታየ ኩሬው ርቦታል። በዚህ ብቻ ዓሣው በትሉ መኖ እንደሚያድገው ፈጥኖ አያድግም፤ ወጪው ግን ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሳጥንም አጎበርም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ለሰባት ቀን ከወጥ ቤታችሁ የሚወጣውን ትርፍራፊ ሳትደፉት መዝኑት፤ የጾሙን ቀንና የፍስኩን ለየብቻ ጻፉት። በጾም ልጣጩ ይበዛል፣ በፍስክ ቅባቱ፤ ትሉም ልዩነቱን ያውቀዋል። ቁጥሩን በተለመደው የስልክ መስመራችን ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከላካችሁልን ቁጥሮች ሁለት ሦስቱን ይዘን ስንት ሳጥን እንደሚያስፈልግና ስንት ዓሣ እንደሚያኖር አብረን እናሰላለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)